መልስ የምትጠብቀው ካሴት

ከወልድያ እንደተመለስሁ መሥሪያ ቤቴ ሪፖርት ጠየቀኝና ሦስት ገጽ ጽፌ አስረከብሁ። የሠልጣኙ ብዛት፣ ያስተማርሁት፣ የጎደለው፣ ሁሉም በየረድፉ ገብቷል። እማማ ዘሀራ ግን ሪፖርቱ ውስጥ የሉም። ያለ እሳቸው ደግሞ እኔ ሰሜን ወሎ ድረስ ሄጄ ምን እንደሠራሁ ለማንም አይገባም። መርሳንና ግራናን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ፣ ነገሩን ከመነሻው ላጫውታችሁ።

ቅዳሜ

ሥራዬ የማኅደር ሥራ ነው። የድሮ ወረቀት፣ ፎቶግራፍና ካሴት ሳይበላሽ ወደ ኮምፒዩተር እቀዳለሁ፤ የቀዳሁትንም ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው ምንነቱን ጽፌ አኖራለሁ። ዘመኑ የአቅም ግንባታ ሥልጠና እንደ አሸን የፈላበት ነበር። ኮምፒዩተር በየወረዳው ገብቶ ግማሹ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። የወልድያና የአካባቢዋ መዝገብ ያዦች ሥራውን እንዲለምዱ አንድ ሰው ይሂድ ሲባል ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የተነሣነው ገና ሳይነጋጋ ነው። ካሴት ማጫወቻዬን በጋቢ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ረዳቱ ሣጥኑን አይቶ፣ «እማማ፣ ይሄ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው» አለኝ። «እማማ» ማለቱ ይሁን ሣጥኑን መንካቱ፣ የቱ እንዳናደደኝ እንጃ፣ ቱግ አልሁ።

«እሱ ጣሪያ ላይ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ!»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ተይ አትቆጪ ልጄ። ግማሹን አንቺ ጭን፣ ግማሹን እኔ ጭን ላይ እናርገው» አሉኝ። እንዳሉትም ጣርማ በርን በጭጋግ አልፈን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ጠብሶን፣ ደሴ እስክንደርስ የሣጥኔን ግማሽ ጭናቸው ላይ ተሸክመው ሄዱ። እንቅልፍ ሲጥላቸው እንኳ እጃቸው ከሣጥኑ አልተነሣም። «ምን አለበት?» ብለው የጠየቁኝ ደሴ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ከዚያ ይታሰብበታል።

ደሴ ብርዱ እንደ ቤቴ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

እሁድ

ከሐይቅ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ልብስ አንድ አንድ እያሉ ማውለቅ ነው። መርሳ ስንደርስ እኔ በሸሚዝ ብቻ ቀርቻለሁ። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ሴቶች ፓፓያና ብርቱካን በመስኮት ያስገባሉ። እኛ አገር ፓፓያ ጥሬው ተቆርጦ፣ መንገድ ላይ ታሽቶ ነው የሚደርሰን፤ ካርቶን ካርቶን ይላል። የመርሳው በማንኪያ ይበላል። እኔ ግን ማንኪያ ስላልነበረኝ ላፕቶፔን ደብቄ፣ የሥልጠናውን ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቼ በላሁበት። ወልድያ ስደርስ ግማሹ የሥልጠና ወረቀት ብርቱካንማ ሆኖ ተጣብቋል። ወረቀት እንዴት ከጉዳት እንደሚጠበቅ የሚያስተምረው ገጽ እሱ ነበር።

የተነገረኝ ሆቴል በሰርገኛ ሞልቶ ጠበቀኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ ሳጉረመርም የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ብርሃን መጣችና፣ «በቃ የኔ ክፍል ትሆኚያለሽ» አለች። እሷስ? «እኔ ከእህቴ ልጆች ጋር። ለእነሱም በዓል ነው» አለችኝ። አልጋዋን አንጥፋ፣ ውኃ በበርሜል አስሞልታ፣ የራሷን ነጠላ ጫማ በር ላይ ትታልኝ ሄደች። አዲስ አበባ ጎረቤቴ ከሆነች ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴትዮ አለች፤ መኝታ ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ሰኞና ማክሰኞ

አዳራሹ ስገባ ሁለተኛ ተናደድሁ። እኛ ስናሠለጥን የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ለብቻ፣ የኮምፒዩተሩን ለብቻ፣ የሐኪም ቤቱን ለብቻ ነው። እዚህ ሁሉንም አንድ ላይ አጉረዋቸዋል፤ ነርስ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የግብርና ባለሙያ። «ለእያንዳንዱ አሠልጣኝ ከየት ይምጣ?» አለኝ አስተባባሪው። ለማን ብዬ ላስተምር?

ሆኖም ጀመርሁ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍሁ፤ አንድ ነገር ማኅደር ሲገባ የሚሞላው ቅጽ በእነዚህ ያበቃል። ምንድን ነው? የማን ነው? ዋናው የት ይገኛል? ቀላል መስሎኝ ነበር። «የማን ነው» የሚለው ላይ ስንደርስ ቤቱ ተናጋ።

«የታካሚ ካርድ የታካሚው ነው» አለች ሲስተር አስካለ። ከመርሳ የመጣች ነርስ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን አዳራሹን ይሞላዋል።

«መዝገብ የያዘው ክፍል ንብረት ነው፤ ባለጉዳይማ ዛሬ ይመጣል ነገ ይሄዳል» አለ ሰይድ። እሱም ከመርሳ ነው፤ የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ። ጸጉሩ ሸበት ያለ፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር፣ ሲጽፍ ፊደሉ እንደ ታተመ የሚያምር ሰው።

«እስቲ ያንተ ደም ምርመራ አደባባይ ይለጠፍና የማን እንደሆነ እናያለን!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ ግን እኔው ራሴ ጥያቄውን ከነርስ በኩል አይቼው እንደማላውቅ ታወቀኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ «የማን ነው» የሚለው ረድፍ ላይ የመሥሪያ ቤቴን ስም ስጽፍ ኖሬያለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ እያንዳንዱ ሊጠፋ የደረሰ አንድ ነገር ያምጣ። አንዱ ምስጥ የበላው የንብረት መዝገብ፣ አንዱ የትምህርት ቤት ፎቶ አለኝ አለ። ሰይድ መጨረሻ ላይ እጁን አወጣ።

«እኔ አንድ ካሴት አውቃለሁ። ባለቤቷ ግን ከእጃቸው አይለዩትም። እርስዎ መርሳ ከመጡ ሴትዮዋ ያመጡታል።»

«ምን ካሴት ነው?»

«ደብዳቤ ነው፣ እትዬ ጥሩወርቅ። ነገሩ ግን...»

«በቃ፣ ነገ መርሳ እንሄዳለን!» አልሁ። ነገሩ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ችኩል ነኝ፤ እናቴም በዚሁ ነበር የምትወቅሰኝ።

ረቡዕ

በሚኒባስ መርሳ ገባን። ከሠልጣኞቹ ስድስቱ አብረውኝ አሉ። ሰይድ መዝገብ ክፍሉን ጠርጎ፣ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ ጠበቀን። ማጫወቻዬን ሰክቼ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ቆምሁ።

እማማ ዘሀራ ከግራና በኩል ከሚገኝ መንደር ገበያ ሊወጡ ነው የመጡት። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ሁላችንንም በየተራ በእጅ ጨበጡን፤ ከብብታቸው መሐረብ አወጡ፤ መሐረቡ ውስጥ ሌላ መሐረብ፣ እሱ ውስጥ ካሴቷ። ጥግዋ ላይ አረንጓዴ ክር ተጣብቆባታል።

ካሴት ጀርባው ላይ፣ በሁለቱ ጫፍ፣ ሁለት ሚጢጢ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ካሉ ሌላ ድምፅ መቅዳት ይቻላል፤ ከተሰበሩ ማጫወት እንጂ መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ የድሮ ካሴት እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ጥርሶቹን መስበር ነው፤ ማንም ተሳስቶ እንዳያጠፋው። እኔም ካሴቷን ተቀብዬ ለሠልጣኞቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁና፣ «የመጀመሪያው ትምህርት፣ ዋናው መነካት የለበትም!» ብዬ በእስክሪብቶ ጫፍ ቀጭ፣ ቀጭ አደረግሁት።

«ምን ሰበርሽ?» አሉ እማማ ዘሀራ።

«አይዞዎት፣ ከእንግዲህ ማንም ሌላ ድምፅ ሊቀዳበት አይችልም። ልጅዎ ለዘላለም ተቀመጠች።»

ሰይድን አዩት። ሰይድ መሬት መሬት አየ።

«እኔስ ብናገርባት? አትቀበለኝም?»

«አትቀበልም። ደግነቱ እሱ ነው።»

እሳቸው ካሴቷን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱ። በአንደኛው መሐረብ፣ ከዚያም በሁለተኛው ጠቀለሏት። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! «አብሽሪ ልጄ፣ ሳታውቂ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። ወዲያው ደግሞ መብራት ጠፋ።

«ምን አደረግሁ?» አልሁት ሰይድን።

«ልነግርዎት ነበር። ክፍተት አልሰጡኝም» አለና ነገረኝ።

የእማማ ዘሀራ ልጅ ሰዓዳ ጅዳ ሰው ቤት ናት። ከአራት ዓመት በፊት ስትሄድ እናቷ እንቢ ብለዋት፣ ሳይመርቋት፣ ተደብቃ ነው የወጣች። ከዚያ ጀምሮ ይቺ አረንጓዴ ክር ያላት ካሴት በመንገደኛ እጅ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ልጅቱ ተናግራባት ትልካለች፤ እናት ሰምተው፣ በዚያው ላይ የራሳቸውን ቀድተው ይመልሳሉ። ሌላ ካሴት አይሆንም። እዚህ አካባቢ ሰው ሲሞት ዐረብ አገር ላለች ልጅ መርዶ አይነገርም፤ በሰው አገር ሐዘን እንዳይከብዳት ብለው ይደብቋታል። የጎረቤት ልጅ እናቷ ከሞተች በኋላ «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል አዲስ ካሴት ይላክላት ነበር አሉ። ይህን ያየች ሰዓዳ፣ «ይቺው ካሴት፣ በራስሽ ድምፅ ካልተመለሰች ሞተሻል ብዬ እቀመጣለሁ» ብላ ለእናቷ ልካለች። ስልክ መርሳ አለ፤ የምትሠራበት ቤት ግን ስልክ አያስነኳትም።

ከስምንት ወር በፊት ካሴቷ ሁለት ፊቷም ሞልቶ መጣች። ሰዓዳ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራችውን ጠይቃለች፤ «አውፍ በይኝ፣ መርቂኝ።» ይቅር በይኝ ማለቷ ነው። እማማ ዘሀራም መልስ ለመስጠት ተነሡ፤ ግን መልሳቸውን ከቀዱ የልጃቸው ድምፅ ይጠፋል። እንደዚህ ያለ ድምፅ ዳግም ከየት ይመጣል? ዛሬ ነገ እያሉ ስምንት ወር ሆነ። በቅርቡ ከጅዳ የተመለሰች ሴት፣ «ሰዓዳ እናቴ ሞታለች ብላ ሐዘን ተቀምጣለች፤ ደህና ናቸው ስንላት አታምንም» አለቻቸው። አንዲት የመንደራቸው ልጅ፣ ዘይነብ፣ ወደ ጅዳ ለመሄድ ዓርብ ከመርሳ ትነሣለች። ሰይድ ይህን ሰምቶ ነው፣ «ድምፁን ወደ ሌላ የምትቀዳ ሴት ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ እሷ ትቅዳልዎና በካሴቷ ይመልሱላት» ያላቸው።

«እኔ ደግሞ የመልሱን በር ዘጋሁት» አልሁ። ፊቴ እንደ በርበሬ ሲቀላ ተሰማኝ። የፕላስቲክ ጥርስ በወረቀት ቢደፈን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። ሴትዮዋ ግን አሁን ካሴቷን ታቅፈው፣ ልጄ አለቀላት ብለው ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው።

ሲስተር አስካለ ከጋውኗ ኪስ የቁስል ፕላስተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። «ነገ ጠዋት ቤታቸው ድረስ እንሂድ» አለች። «ቁስሉን የሠራው ሰው ነው ፕላስተሩን ይዞ የሚሄደው፤ ተሸከሚው።»

ሐሙስ

ያን ዕለት መርሳ ያደርሁት አስካለ ቤት ነው። ጠዋት ሰይድ ከሻይ ቤት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ተውሶ፣ ስምንት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ሞልቶበት መጣ። የእኔ ማጫወቻ ያለ መብራት አይሠራም፤ ይህን ሣጥን አምጥቼ አምጥቼ መርሳ ላይ አስቀመጥሁት። ላፕቶፑ ሙሉ ባትሪ ቢኖረው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ካሴቷ የስድሳ ደቂቃ ናት። «ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አይክፈቱ፣ ቶሎ እንድረስ» እያለ ሰይድ ይገፋኛል።

ግራና ድረስ በአይሱዙ ጀርባ፣ ከዚያ በእግር። የመስኖ ውኃ መንገዱን እየቆረጠ ያልፋል፣ በሁለቱም ወገን ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። እኔ የመስክ ጫማ ብዬ የገዛሁት ጫማ ሁለተኛው ቦይ ላይ ሶሉ ተገነጠለ። አስካለ የራሷን ፕላስተር እንዳላስጨርሳት ፈርታ በማሽላ ቅጠል አሰረችልኝ። እንደ ዝይ እየተንገዳገድሁ ደረስሁ።

እማማ ዘሀራ ደጅ ላይ አገኙን። እግሬን አይተው በሳቅ ሞቱ፤ ሳቃቸውን ስሰማ ግማሽ ሸክም ወረደልኝ። ምንጣፍ አነጠፉ፣ ወተት አመጡ፣ ጥንቅሽ አምጥተው አጠገቤ ከመሩ። ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው፤ ከሸንኮራም ለስለስ ይላል። እኔ ግን ምንም ሳልቀምስ ተነሥቼ ቆምሁ።

«እማማ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«አውፍ ብዬሻለሁ። ተቀመጭ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል» አሉ። ይኸው ነው። እንደዚህ ቀላል ነው እንዴ? ልጃቸው ስምንት ወር የጠበቀችውን ቃል እኔ በአንድ አፍታ ወሰድሁት።

አስካለ ካሴቷን ተቀብላ ሁለቱን ቀዳዳዎች በፕላስተር ደፈነቻቸው፤ ጫፉን በጥፍሯ ደግማ ደጋግማ ጠረገች። «ዳነች» አለች። ቴፑን አሳየኋቸው፤ በአንዱ በኩል የሰዓዳ ካሴት፣ በሌላው በኩል አዲስ ባዶ ካሴት፣ በገመድ ደግሞ ላፕቶፑ። ድምፁ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይቀዳል።

«ያቺ ሣጥን አዲስ አበባ ነው የምትሄድ?» አሉ ላፕቶፑን እያመለከቱ።

«አዎ። በዚህች መስታወት በምትመስል ነገር ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል» ብዬ ሲዲ አሳየኋቸው።

አገላብጠው ፊታቸውን አዩበት። «እኔ ቤት ትናገራለች?»

«ያለ ኮምፒዩተር አትናገርም።»

«እንግዲያ ለኔ ካሴቷ ትሻላለች» ብለው መለሱልኝ። እኔ ቀድሞ አስቤ የመጣሁት ሲዲ ልሰጣቸው ነበር። ባዶ ካሴት ይዘን እንሂድ ያለው ሰይድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አስካለ ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ይሄ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ሰው ይሰማዋል። ይፈቅዳሉ?»

አሰቡ። «ሰላምታዋ ይቀመጥ፣ ሰው ይስማው፣ ደስ ይላል። ልቅሶዋ ግን የኔ ነው።»

ሰይድ ደብተሩን አውጥቶ እንዳሉት ጻፈ፤ አነበበላቸውም። ሰኞ ዕለት መዝገብ የያዘው ክፍል ንብረት ነው ብሎ የተከራከረው እሱ ነበር።

ቴፑን ከፈትሁት። «እማ፣ ሰላም ነሽ ወይ?» አለች ሰዓዳ፣ ቤቱ መሐል።

«አልሐምዱሊላህ ልጄ» አሉ እማማ ዘሀራ።

«አክስቴስ ሰላም ናት? ጉልበቷን ተሻላት?»

«ትንሽ ተሽሏታል።»

«ቦራውስ፣ አሁንም ሰው ይወጋል?»

«በሬውን ሸጥነው፣ አልነገርሁሽም፣ ታዝኛለሽ ብዬ» አሉና ዐይናቸውን ጠረጉ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ቴፕ በተዋሱ ቁጥር፣ እንዲህ ሲመልሱላት ኖረዋል። ሁሉንም ጥያቄዋን መልሰውላታል። ያልሰማች እሷ ብቻ ናት። ልቅሶው ላይ ስንደርስ ሁላችንም አቀረቀርን፤ እኔ የላፕቶፑን ባትሪ እያየሁ አቀረቀርሁ፣ ሰው እንዳያየኝ።

ሲያልቅ ባትሪው ለመሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር። አዲሱን ካሴት አጫወትን፤ ጥርት ያለ ነው። እማማ ዘሀራ አወጡና ጀርባውን ዳሰሱት።

«ይቺ እኔ ዘንድ የምትቀረዋ ናት?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ጥርሷን ስበሪልኝ» ብለው ለኔ ሰጡኝ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ።

ቀጥሎ የሰዓዳን ካሴት ከተው ቴፑን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጣታቸው ቀዩ ቁልፍ ላይ ደርሶ ቆመ። «አልችልም። አንቺው ተጫኝልኝ» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ይህን ቁልፍ እንዳይጫን ስለፋ ኖሬያለሁ። ስንት ሰው ድምፅ ሳስቀምጥ የእናቴን አንድ ቃል እንኳ አልቀዳሁም፤ እሷ ቤት ቴፕ ይዤ መሄድ ሁልጊዜ ነገ ነበር። ቁልፉ ላይ ጣቴን አኖርሁ። ከዚያ ተጫንሁት።

ካሴቷ ዞረች። እማማ ዘሀራ ዝም። የሰዓዳ «ሰላም ነሽ ወይ» አሁን ጠፋ፣ የአክስቷ ጉልበት ጠፋ፣ ቦራው ጠፋ እያልሁ በልቤ እቆጥራለሁ። አስካለ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ሰዓዳ» አሉ ቆይተው። «እኔ ነኝ። አልሞትሁም። አውፍ ያልሁሽ የወጣሽ ዕለት ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይጠማሽ ብዬ ስመርቅሽ ነው የዋልሁ። ሳልነግርሽ ቀረሁ እንጂ...»

ሦስታችንም ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጣን። ደጅ፣ ጥላው ሥር፣ ጥንቅሽ መጠጥሁ። ድምፃቸው ከውስጥ ሳይቋረጥ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። መስማትም አልሞከርሁም።

ዓርብ

መርሳ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ዘይነብ መጣች፤ ሃያ ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም። ካሴቷን በሁለቱ መሐረብ እንደተጠቀለለች ደረቷ ውስጥ ይዛለች። ረዳቱ የማጫወቻዬን ሣጥን እያየ ጣሪያውን አመለከተ። «ጫነው» አልሁት፣ ያለ ምንም ክርክር። ዘይነብን መስኮት በኩል አስቀምጬ ማንም እንዳይገፋት በጎኗ ተቀመጥሁ።

መንገዱን ሙሉ ብዙም አላወራችም። ደሴ አንድ ክፍል ይዘን አደርን። «እናትሽ መረቁሽ?» አልኋት። «መረቀችኝ» አለች። እንግዲያስ ይቺኛዋ ከሰዓዳ ጭንቀት ተረፈች ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ አዲስ አበባ ለአጎቷ አስረክቤያት፣ የተገነጠለ ጫማዬን እየጎተትሁ ቤቴ ገባሁ። በሬን ከፍቼ ከመግባቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቴ የሆነችውን ሴትዮ አንኳኳሁና ከመርሳ የያዝሁትን ብርቱካን ሰጠኋት። ደንግጣ፣ «ምነው፣ ሰላም ነው?» አለችኝ።

ከተመለስሁ በኋላ

የሰዓዳን ሰላምታ ማኅደር አስገባሁ። ልቅሶውን ከኮምፒዩተሩ አጠፋሁ፤ አሁን ያለው እናቷ ቤት ብቻ ነው። «ምንድን ነው» ለሚለው የድምፅ ደብዳቤ ብዬ ሞላሁ። «የማን ነው» የሚለው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሥሪያ ቤቴን ስም ሳይሆን የሁለት ሴቶች ስም ጻፍሁ። «ዋናው የት ይገኛል» የሚለውን ግን ባዶ ተውሁት። ምን ልጻፍ? ዋናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልበል? አለቃዬ ሁለት ጊዜ «ያልተሟላ» ብሎ መለሰልኝ፤ ሁለት ጊዜ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁት።

ባለፈው ሳምንት ከመርሳ ፖስታ መጣልኝ። ሲዲ ነው፤ ከቅጽ ጋር። የሰይድን ፊደል ከሩቅ ነው የማውቀው። ካሴቷ ከጅዳ ተመልሳለች። ከሰዓዳ በቀር የማንም ሊሆን የማይችል ሳቅ ይዛ፣ አስካለ የለጠፈችው ፕላስተር ላይ ሰዓዳ ሌላ ፕላስተር ደርባበት። እማማ ዘሀራም፣ «ሳትቀዱልኝ አልመልስም» ብለው ሰይድንና አስካለን አስጠርተዋል። እኔ ሳልኖር፣ የሻይ ቤቱን ቴፕ ተሸክመው ሄደው ቀድተውላቸዋል፣ ፈቃድ ጠይቀውላቸዋል፣ የምትቀረዋን ካሴት ጥርስ ሰብረውላቸዋል። ከዚያ እሳቸው መልሳቸውን ተናግረው ካሴቷን ወደ ጅዳ መልሰዋል።

ቅጹን አነበብሁት። ምንድን ነው? «ከልጅ ለእናት የተላከ መልስ።» የማን ነው? «የወይዘሮ ዘሀራና የልጃቸው የሰዓዳ።» ሦስተኛውንም ረድፍ እንደሌላው ሁሉ በዚያ ቆንጆ ፊደሉ ሞልቶታል።

ከመሳቢያዬ የራሴን ቅጽ አወጣሁና የሰይድን ቃል ገለበጥሁበት። ዋናው የት ይገኛል? መንገድ ላይ።